ብጉሩማ ይጠፋ ነበር

በነጌሌ ቦረና የገበያ መንገድ ላይ ሱቅ ለሱቅ ዙሩና "ለብጉር ጠባሳ የሚሆን አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ ምን ዓይነት ጠባሳ ነው አይላችሁም። ብጉሩ አሁንም ይወጣል ወይስ ቆሟል፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ ከዚህ በፊት ምን ተቀብተሻል፣ አንዱንም አይጠይቅም። እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰድና ከሻምፑና ከዳይፐሩ መሃል አንዲት ቀጭን ቱቦ መዝዞ "ይቺ በሳምንት ታጠራዋለች" ይላል። እውነቱን ነው፣ በሳምንት ታጠራዋለች። መከራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሬን ሳላድበሰብስ ላስቀምጠው። ከነጌሌ እስከ ሞያሌ፣ ከያቤሎ እስከ ዶሎ ኦዶ፣ የልጆቻችንን ፊት እያበላሸ ያለው ብጉር አይደለም። ለብጉር ተብሎ የሚሸጥላቸው ነው።

ስቆጣ ምክንያት አለኝ። እኔም አሥራዎቹን ዕድሜ ያሳለፍኩት ጉንጬንና ግንባሬን ብጉር ወርሮኝ ነው። ያኔ ምክር በነፃ ይታደል ነበር። "ስታገቢ ይጠፋል" ያለኝ ዘመድ ብዙ ነው፤ አንዷማ ፈገግ ብላ ሐሳቤ ወንድ ጋ ስለሆነ ደሜ እንደፈላ ነገረችኝ። የጥርስ ሳሙና ቀቢበት ያለች ጎረቤት ነበረች። ሎሚ ጨምቀሽ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ ያለችም ነበረች፤ የሎሚ ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን እንደሚያቃጥልና ከብጉሩ የባሰ ጥቁር ምልክት ትቶ እንደሚሄድ የነገረኝ ግን አልነበረም። ወደ ጤና ተቋም ስሄድ ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል "ይሄ በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ ነው" ብሎ ሸኘኝ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሐኪም ቤት "በሽታ አይደለም" የተባለችን ልጅ በሩ ላይ የሚቀበላት ባለሱቁ ነውና። እሱ ቢያንስ ፊቷን ያያታል።

አሁን ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ እንደ አስተማሪ ልናገር። ብጉር በሽታ ነው። የርኩሰት ምልክት አይደለም፣ የምኞትም አይደለም፣ ፊት ካለመታጠብም አይመጣም። በጉርምስና ሆርሞን ሲነቃ ከቆዳችን ሥር ያሉ የቅባት ዕጢዎች ሥራ ያበዛሉ። ቅባቱና የሞተው ቆዳ የፀጉር መውጫዋን ቀዳዳ ይደፍናታል። እዚያው የሚኖረው ባክቴሪያ ይራባል፣ ሰውነት ሊዋጋው ይዘምታል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ቋጠሮው ወደ ውስጥ ሲፈነዳ፣ በተለይም በጥፍር ስናፈርጠው፣ ቆዳን ከሥር ሆኖ የሚሸከመው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በጦርነቱ መሃል ይፈርሳል። ቁስሉ ሲድን ኮላጅኑ ከጎደለ ስርጉድ ይቀራል፤ ከመጠን በላይ ከተመረተ ደግሞ ያበጠ ጠባሳ ይወጣል።

ይሄ እውነተኛው ጠባሳ ነው። ግን ወደ ሱቁ ከሚሄዱት ልጆች አብዛኞቹ ይሄ የላቸውም። አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን በጉንጭሽ ላይ ቀስ አድርገሽ አሂጂው። ጣትሽ ጉድጓድም ጉብታም ካላገኘ፣ መስታወት ውስጥ የምታዪው ጥቁር ነጥብ ጠባሳ አይደለም፣ የቀለም ምልክት ነው። እንደኛ ያለ ጠቆር ያለ ቆዳ ውስጥ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት በትንሽ ቁስል ብዙ ቀለም ይረጫሉ። ቀለሙ ላይኛው የቆዳ ክፍል ላይ ከቀረ በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል። ወደ ታች የሰመጠው፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቢጤ የሚመስለው፣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሁለቱም ግን አዲስ ብጉር ካልተደረበባቸው፣ ካልተፋቁና ፀሐይ በየቀኑ ካልደበደባቸው የመልቀቅ ዕድል አላቸው።

ፀሐዩን አቃልዬ አላልፈውም። ነጌሌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ሞያሌ ከዚያም ትቀርባለች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ነው የሚቆመው። ምልክቱን የሚያጠቁረው ይሄ ነው። ጃንጥላ፣ ግንባርና ጉንጭ ላይ ጥላ የሚጥል ሻሽ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ጥላ ጥላውን መሄድ፤ እነዚህ ከብዙ ክሬም ይበልጣሉ። ሰንስክሪን ከተገኘ ሠላሳና ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው ይሁን፤ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ ቀለም ያለው ዓይነት ይመረጣል፣ ምክንያቱም በዓይን የሚታየው ብርሃንም ምልክቱን ያጠቁራል። በከተማችን ግን ቆዳ የሚልጠው ሁሉ በየመደርደሪያው ተደርድሮ ሰንስክሪን ፈልጎ ማግኘት ጣር ነው። ገበያው ምን እያሰበ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

እንግዲህ ወደ ቱቦዋ እንመለስ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ቤታሜታዞን። ክሎቤታዞል። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። ክሎቤታዞል በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ውስጥ በኃይሉ የመጨረሻው እርከን ላይ ያለ ነው፤ ቆዳ ሐኪም ሲያዝዘው ለወፈረና ለጠነከረ ቆዳ፣ ለአጭር ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ነው። ፊት ላይ እንዲቀባ የተሠራ አይደለም። በሕግ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የሌለበት ሲሆን እኛ ጋ ከማስቲካ ጋር ይሸጣል።

መጀመሪያ ተአምር ይሠራል፤ ክፋቱም ይሄው ነው። እብጠቱን ያጠፋል፣ መቅላቱን ያበርዳል፣ ቆዳውን ያሳሳውና ያፈካዋል። ልጅቷ ጓደኞቿን ትጠራለች፣ ጓደኞቿ ቱቦ ይገዛሉ። በወራት ውስጥ ቆዳዋ ይሳሳል፣ ቀያይ ደም ሥሮች ጉንጯ ላይ ይዘረጋሉ፣ አገጯ ላይ ያልነበረ ፀጉር ይበቅላል፣ ስቴሮይዱ ራሱ ያመጣው ብጉር ደግሞ እንደ አዲስ ይፈላል። ልተወው ስትል ፊቷ ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ያሳክካል። ስለዚህ ትመለስበታለች። ባለሱቁ ደንበኛ አገኘ።

በኔ ዘንድ ይቅር የማይባለው ይሄ ነው፦ ስቴሮይድ ቆዳ ኮላጅን እንዳይሠራ ይገታል። የብጉር ስርጉድ ማለት ደግሞ ኮላጅን የጎደለው ቦታ ማለት ነው። ኮላጅን ላጣ ፊት ኮላጅን የሚያሳጣ መድኃኒት እየሸጥን "የጠባሳ ማጥፊያ" ብለን ስም አወጣንለት። ይሄ የዕውቀት ማነስ ነው እንዳትሉኝ። ባለሱቁ ባያውቅ እንኳ፣ ፋርማሲ ቤት ቆሞ ማዘዣ ሳያይ የሚሸጠው ባለሙያ ይህን ፈተና ላይ ጽፎ ነው የተመረቀው።

ሌላው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም እጅ፣ በትክክለኛው መጠን፣ ለተወሰኑ ወራት፣ ሥራ አለው። መጠኑ በማይታወቅ ክሬም ለዓመታት ሲቀባ ግን ቆዳን ሊያነጣ መጥቶ ወደ ሰማያዊ የሚያዳላ ጥቁር አድርጎት ይሄዳል፤ በቀላሉም አይለቅም። ይህ ጉዳት በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሴቶች ላይ ታይቶ በሕክምና መጽሔት የተጻፈው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. ከለከለችው። ጋና በ2016 እ.ኤ.አ. ከለከለችው፤ ሩዋንዳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ለቀመችው። ሌላው አፍሪካ የጣለውን እኛ በኮንትሮባንድ እናስገባለን።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፣ ሜርኩሪ ነው። ቀለም እንዳይመረት ያደርጋል፣ በቆዳ በኩል ሰርጎ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የምታጠባ እናት ፊቷን ስትቀባ ሕፃኑም ይደርሰዋል። የሚናማታ ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውል ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን የማንጫ ክሬሞች ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱና ድንበር እንዳይሻገሩ ደንግጓል። አንዳንዶቹ ክሬሞች ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? "ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ" ይላል። ለምን ይመስላችኋል? ሜርኩሪ ወርቅ ስለሚበላ ነው። የሻኪሶ ወርቅ ቆፋሪ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። እዚያው አካባቢ በ2010 ዓ.ም. የጉጂ ሕዝብ በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን የሚወጣው ኬሚካል ልጆቻችንን ጎዳ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ፈቃዱም እንዲታገድ አደረገ። ያ ሕዝብ መርዝ በመሬቱ ላይ እንዳይፈስ ድምፁን አሰምቶ ሲያበቃ፣ ሴት ልጁ መርዙን በገንዘቧ ገዝታ ጉንጯ ላይ ስትቀባ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? የጆሮ ጉትቻ አውልቂ የሚልሽን ክሬም ከጆሮሽ አጠገብ ላለው ሥጋ እንዴት ታምኚዋለሽ?

ስለ መቅላትም አንድ ነገር ልበል፣ አለበለዚያ ንዴቴ ግማሽ ይሆናል። እነዚህ ክሬሞች የሚሸጡት ለጠባሳ ነው ይባል እንጂ ማሸጊያቸው ላይ ያለችው ሴት ጠባሳ አልነበራትም። ቀይ ናት፤ ያ ነው የሚሸጠው። የቦረና፣ የጉጂ፣ የሱማሌ ቆንጆ ሲባል ጠይምነቱ አብሮ የሚነሳበት አገር ውስጥ፣ ለሠርጓ ቀን ፊቷን ቀይ አድርጋ እጇን የረሳች ሙሽራ ማየት የተለመደ ሆኗል። የውበት ሳሎኖቻችን ደግሞ ክሬሙን ከክሬም ቀላቅለው በብልቃጥ "ሚክስ" ብለው ይሸጣሉ። ምን ምን ገባበት ብትሏቸው የሙያ ምስጢር ነው። ምስጢር የሆነ መድኃኒት መርዝ ነው ብሎ የሚያስብ አንድ ተቆጣጣሪ እንኳ ብናገኝ ምን ነበር!

ሕግ የለም አትበሉኝ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፤ መዋቢያም በሥልጣኑ ሥር ነው። በሞያሌና በዶሎ መንገዶች ላይ ኬላ አለ፤ አንዲት እናት ለልጆቿ የያዘችውን ስኳር ፈትሾ የሚያስወርድ ኬላ። ክሬሙ በካርቶን ያልፋል። እኔ ስኳሩ ይለፍ አይደለም የምለው፣ ዓይናችሁ አንዱን እያየ ሌላውን እንዴት እንደሚዘለው አስረዱኝ ነው።

ደግሞ እኛ ዝም የምንል ሕዝብ አይደለንም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚህችው በነጌሌ የነበሩ ወታደሮች በምግባቸው ብልሽትና በውሃ ማጣት ምክንያት አምፀው፣ ጉዳዩን እንዲያጣራ ከአዲስ አበባ የተላከላቸውን ጄኔራል አስረው የሚበሉትን አስበሉት፤ የዚያ ዓመት አብዮት ከዚያ ነው የሚቆጠረው። እስቲ እኛም ተቆጣጣሪ ነኝ ያለውን ባለሥልጣን ሁሉ ቱቦዋን ሰጥተን "ጉንጭህ ላይ ቀባው፣ ለስድስት ወር" እንበለው።

የቤቱን ባህልም ልዳስሰው። የሱማሌና የቦረና ሴቶች ከቁርቁራ ቅጠል የሚያዘጋጁት ቀሲል ፊት ያጥባል፣ ቅባት ያነሳል። ጠባሳ አያጠፋም፤ ፊትንም አያሳሳም። በኃይል ካልፈተጉበት በቀር ጠላቴ አይደለም። ቅቤ ግን ከፀጉር ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ፀጉር የሚቀባ ቅባት ግንባር ላይ ብጉር እንደሚያወጣ በሕክምና የታወቀ ነው። ቅቤ አትቀቡ የምል ሰው አይደለሁም፣ እናቴ ብትሰማኝ ትረግመኛለች። ግንባር ላይ ሻሽ ይታሰር፣ የወረደው በለሰለሰ ሳሙና ይታጠብ፣ ቫዝሊንም ብጉር ያለበት ፊት ላይ አይለጠፍ ነው የምለው። ውሃ በጀሪካን የሚገዛበት አገር ውስጥ በቀን ሁለቴ ታጠቡ ማለት ለተናጋሪ ቀላል እንደሆነም አውቃለሁ፤ ደግነቱ ብጉር ብዙ ውሃ አይፈልግም። አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃና የዋህ ሳሙና፣ ያለ መፈተጊያ፣ ይበቃዋል።

መድኃኒቱስ? አለ፤ ውድና ረቂቅም አይደለም። ጠባሳን የሚከላከል ዋናው ነገር ብጉሩን ቶሎ ማከም ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው ቅባት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ 2.5 በመቶው እንደ 10 በመቶው እየሠራ ብዙም አያቃጥልም፣ ስለዚህ "ጠንከር ያለውን ስጠኝ" አትበሉ። ጨርቅ እንደሚያነጣ ግን እወቁ፣ ሻሻችሁን ያበላሻል። አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን ማታ ማታ፣ የአተር ፍሬ በምታህል መጠን፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ያደርጋል፤ ምልክቱንም ቀስ በቀስ ያፈዝዛል። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አዜላይክ አሲድ ብጉሩንም ጥቁር ምልክቱንም ይዋጋል፣ በእርግዝናም ሊታዘዝ ይችላል። ለከበደው ብጉር ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል፤ ለተወሰኑ ወራት እንጂ ለዓመታት አይደለም። ለባሰው አይሶትሬቲኖይን አለ፤ እሱ ፅንስን ክፉኛ ስለሚያጎድል ልጆች በለጋነታቸው በሚዳሩበት አካባቢ ያለ እርግዝና ምርመራና ያለ መከላከያ የሚሰጥ ሰው መታሰር አለበት። የእነዚህ ሁሉ ጠባይ አንድ ነው፦ ውጤት ለማየት ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳሉ። ባለሱቁ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። እሱ "በሳምንት" ይላል።

ለእውነተኛው ስርጉድ ግን የትኛውም ክሬም፣ የሐኪሙም ቢሆን፣ ብቻውን አይሞላውም። እንደ መርፌ ቀዳዳ ለጠበበውና ለጠለቀው ጠንካራ አሲድ በጫፍ እየተነካ ይደረግበታል፤ ከሥር በጅማት ለተጎተተው ጅማቱ በመርፌ ይቆረጣል፤ ሰፋ ላለው ደቃቅ መርፌዎች ባሉት መሣሪያ ቆዳው እየተወጋ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ይገፋፋል። ሌዘርም አለ፣ ግን ለጠቆረ ቆዳ የማያውቅ እጅ ሌዘር ከያዘ ጠባሳ ሊያክም ገብቶ ቃጠሎ ያስቀራል። ፍጹም ለስላሳ ፊት የሚመልስ የለም፤ ማሻሻል ነው። ይሄን የሚሠሩት ባብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፣ ከነጌሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር። በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርት፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና የጀመረውና ዛሬ ቆዳ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው፣ እዚያው አዲስ አበባ ነው። ለአንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጉንጭ ብሎ ማን ያን ያህል መንገድ ይሄዳል? ማንም። ለዚህ ነው አንድ ቆዳ ሐኪም በየወሩ ወደ ቆላው ቢመጣ፣ ወይም የእኛ ጤና መኮንኖች ፎቶ ልከው የሚያማክሩት ሰው ቢኖር እያልኩ የምጮኸው። ስልክ ለቲክቶክ ከሠራ ለዚህም ይሠራል።

ወንዶቹን አልረሳሁም። ማጅራታቸው ላይ በፀጉር ቤት ምላጭና ማሽን የሚፈላው ጉብታ ብጉር መስሏቸው አልኮል የሚረጩበት አሉ፤ ከቆዳው ጥግ ድረስ መላጨታቸውን ካላቆሙ ወደ ጠጣር ጠባሳ ይቀየራል። ደረትና ትከሻ ላይ ያበጠ ኬሎይድ ያለበት ሰው ደግሞ "ቆርጠህ አውጣልኝ" እንዳይል፤ ተቆርጦ ብቻ የተተወ ኬሎይድ ገዝፎ ይመለሳል። የሚታከመው እዚያው እብጠቱ ውስጥ በሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ነው። አዎ፣ ያው ስቴሮይድ። ከመጠን በላይ የተመረተን ኮላጅን ሲቀንስ መድኃኒት ነው፣ የጎደለውን ሲያጎድል መርዝ። ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ሐኪም ይባላል፣ የማያውቀው ባለሱቅ።

ቱቦዋን አሁን ለምትቀቢው እህቴ የቀረኝ ይሄ ነው። ከተቀባሽ ወራት ከሆነሽ ይህን አንብበሽ በንዴት ዛሬውኑ አትወርውሪው፤ በድንገት ሲቆም ፊትሽ ይነሳብሻል፣ ባለሱቁም ያኔ "ያልኩሽ አይደል፣ ይበልጥ ጠንከር ያለ አለኝ" ይልሻል። ሆስፒታል ሂጂ፣ ቀስ እያሉ በደከመ መድኃኒት እየተኩ የሚያስተዉበት መንገድ አለ። መድኃኒቱ ከፊትሽ ሲወጣ የሚነደው ነገር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ ያ ማለት ክሬሙ ያስፈልግሻል ማለት አይደለም፣ ሱሱ እየለቀቀሽ ነው ማለት ነው። ስትሄጂ ቱቦዋን ከነካርቶኗ ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብብ። "ይሄ ዕድሜ ነው" ካለሽ ተቀመጪና ድጋሚ አስነብቢው።